በግራ ሚስማር ላይ የተሰቀለው በርኖስ

ሰርካለምን ባለፈው ሳምንት የተለየናት አባቷ ፊት እንደቆመች ነበር፤ ዛሬም ያው እዚያው ናት። ለእንግዳ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። የሞላሌዋን አዋላጅ ነርስ ሰርካለም ሀብተ ማርያምን ሁለት ሰው ይፈልጋታል። አንዱ በኃይሉ ነው፤ ከደብረ ብርሃን የራሱን መኪና እየነዳ የሚመጣ፣ ሕንፃ የሚሠራ፣ አጥንቱ ተቆጥሮ እንከን ያልተገኘለት ሰው። ሌላው ዮፍታሄ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር፣ ደግ፣ ዝምተኛ፣ ግን የቀጥቃጩ የጌጡ ልጅ። በመንዝ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ልጅ ምን ቢማር ቀጥቃጭ ነው። ማረሻውን ይገዙታል፣ ማጭዱን ይገዙታል፣ ልጃቸውን ግን አይሰጡትም። ሰርካለም የወደደችው ይህንኛውን ነው፤ ልብ መቼ አጥንት ይቆጥራል?

ጋሽ ሀብተ ማርያም መደባቸው ላይ አጎዛ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ውጭው ነሐሴ ነው፤ ጉሙ ከጓሳ ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል። ሰርካለም ከማጀት ያመጣችውን አሮጌ ማረሻ ከእግራቸው ሥር አኖረችው።

«ይሄ ምንድነው?» አሏት።

«ማረሻ ነው፣ አባዬ።»

«ማረሻ መሆኑንማ አየሁ። እዚህ ምን ይሠራል?»

«ማን እንደሠራው እንዲነግሩኝ ብዬ ነው።»

ጋሽ ሀብተ ማርያም ቁጡ ናቸው። በገበያ ቀን ሳል ሲሉ እንኳ የበግ ደላላ ዋጋ ይቀንሳል ይባልላቸዋል። አሁን ግን አልተቆጡም። ማረሻውን አንስተው ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ጌጡ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«ማጭዱንስ? መጥረቢያውንስ? እናቴ የሞተች ዕለት መቃብሯ የተቆፈረበትን ዶማስ?»

ማረሻውን ጉልበታቸው ላይ አገላበጡት።

«የዚህን ቤት ገብስ የቀመሰ ሁሉ ከጋሽ ጌጡ እጅ በልቷል። እኔም ያደግሁት በዚያ ነው። እጃቸው ያላረከሰንን ልጃቸው እንዴት ያረክሰናል?»

«በኃይሉ ምን አጎደለ?»

«እሱ ምንም አላጎደለም። እኔ ነኝ የማልወደው።»

አባት ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ዐይኗ እንባ አቅርሯል፤ አንገቷ ግን አልተሰበረም። ያቺን አንገት ያውቋታል፤ ሟቿ ሚስታቸውም እምቢ ያለች ዕለት እንደዚሁ ነበረች። ማረሻውን ከአጠገባቸው አስቀመጡት።

«ፍልሰታ ይፈታና ሽማግሌ ይላክ» አሉ።

ሰርካለም የሰማችውን አላመነችም። ጉልበታቸውን ልትስም ስታጎነብስ በእጃቸው ያዟት።

«ቆይ፣ አልጨረስሁም። የጥቁሯን በግ ጠጉር ማን እንደሸለተው የማላውቅ መስሎሻል?»

ሰርካለም ፊቷ ጋለ። ዐቢይ ጾምን በሙሉ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ አክስቷ ቤት እየተደበቀች ያን ጥቁር ጠጉር ፈትላው ነበር። ከዚያ መሐል ሜዳ ከተማ ላሉ አንድ ሸማኔ ሰጥታ በርኖስ አሠራችው። በርኖስ በዚያ አገር ተራ ልብስ አይደለም። ባላባት ለብሶታል፣ ዳኛ ለብሶታል፣ ቀጥቃጭ ትከሻ ላይ ግን ታይቶ አያውቅም። ለዮፍታሄ ስትሰጠው «የምትወስደኝ ዕለት ትለብሰዋለህ» ብላዋለች። እሱም ፊቱን በጠጉሩ ውስጥ ቀብሮ ብዙ ቆይቶ ነበር፤ ሲያለቅስ እንዳታየው መሆኑ ገብቷታል።

«እሱን ለብሶ ይምጣ» አሉ ጋሽ ሀብተ ማርያም። «ደንቡ ባይሆንም ከሽማግሌዎቹ ኋላ ይግባ። ሰፈሩ እያየው፣ በርኖሱን ደርቦ፣ ቀና ብሎ በዚህ በር ይግባ። የሰውን አፍ እኔ እችለዋለሁ። አንገቱን ደፍቶ ለሚመጣ ሰው ግን ልጅ የለኝም።»

«ቀና ብሎ ይመጣል፣ አባዬ!» አለች ጉልበታቸውን እየሳመች። «አያውቁትም እኮ። ቀና ብሎ ይመጣል።»

ስለ እሱ ስትምል ቅንጣት አልፈራችም። እንዲህ በሙሉ ልብ ደስ ያላት ጊዜ በዕድሜዋ አልነበረም።

*

ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ሰርካለም ነጠላዋን በራሷ ላይ ጥላ፣ አንዴ እየተንሸራተተች አንዴ እየሳቀች ወደ ከተማው ዳር ወረደች። ጋሽ ጌጡ ወናፋቸው አጠገብ ተቀምጠው ማጭድ ይስሉ ነበር። ሲያዩዋት ተነሡ፤ እጃቸውን ግን አልዘረጉም። ሰው እጃቸውን ቶሎ የማይጨብጣቸው ሽማግሌ ስለሆኑ ቀድመው መዘርጋቱን ከተዉት ቆይቷል። እሷ ጠጋ ብላ ያን በጥቀርሻ የጠቆረ እጅ በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው።

«ተይ ልጄ፣ ከሰል ነው!» አሉ ደንግጠው።

«ይታጠባል። ዮፍታሄስ?»

«ከፈንታ ማወራረጃ ቤት ነዋ! ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ምን ይሥራ። ፈረንጆቹ ኳሳቸውን ክረምት ያሳርፉታል አሉ፤ አሁንማ ጎልፍ የሚሉት መጥቷል። አንድ ቀን ወስዶ አሳየኝ።»

«ወደዱት?»

«ያው የኛው የገና ጨዋታ ነው እንጂ! ዱላ አለ፣ እሩር አለ። ግን ነጣቂ የለው፣ ተጋፊ የለው። ሰውዬው ብቻውን ይመታታል፣ ብቻውን ይከተላታል። ‹ምኑ ነው ሰው የሚያወራርደው?› አልሁት። ‹አባባ፣ ሒሳቡን ስለማያውቁት ነው› አለኝ።»

ሰርካለም ከልቧ ሳቀች። ውርርዱን አትወደውም፤ ብዙ ጊዜ ነግራዋለች፤ እሱም ብዙ ጊዜ «ይሄን ክረምት ብቻ» ብሏታል። ዛሬ ግን በምንም ልትቆጣ አልቻለችም።

«ጋሽ ጌጡ፣ በርኖሱ ሣጥን ውስጥ ነው?»

«ትናንት ስከፍት አጣሁት» አሉ፤ ፊታቸውም በራ። «ለብሶት ይሆናላ፣ ብርዱ አይደል! ልቤን ደስ አለው። ይሄ ልጅ አንገት መድፋትን ከኔ ወርሷል። በልጅነቱ በገበያ መሃል ስናልፍ የኔን ጫማ እያየ ነው ያደገው። በርኖስ ለብሶ መሬት መሬት አያይም መቸም።»

ለብሶታል! ሰርካለም ይህን ስትሰማ ልቧ ሌላ ዙር ዘለለ። አባቷ ሳያዙት በፊት ለብሶት ወጥቷል። ሞላሌ መሃል፣ በቀን በብርሃን፣ እሷ የፈተለችውን ደርቦ ሰው ፊት ተቀምጧል።

«አባትሽ ምን አሉ?» አሏት ዐይናቸውን ከማጭዱ ሳያነሡ።

«መጀመሪያ ለሱ ልንገረው። ከዚያ እርስዎ ዘንድ አብረን እንመጣለን።»

መልሱን ፊቷ ላይ አነበቡት። ወደ ወናፉ ዞር ብለው ማናፋት ጀመሩ፤ እሳቱ ግን ገና ድሮ ነድዷል። ዐይናቸውን ለመደበቅ እንደሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

*

የፈንታን ቤት ደጋግሜ አምቼዋለሁና ዛሬ አሳጥራለሁ። አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ኋላ ፈንታ። በክረምት ኳስ ሲጠፋ ከነሥራው ሊጠፋ ነበር፤ ጎልፍን ያመጣላቸው እሱ ነው። መጀመሪያ ማንም አልገባውም። መቶ ሃምሳ ሰው በአንድ መስክ ተበትኖ ማን እንደሚያሸንፍ ማን ሊያውቅ ነው? ኋላ «አንድ ለአንድ» የሚባለውን አሳያቸው። ሁለት ተጫዋቾች ይጣመራሉ፤ ከሁለቱ ባነሰ ምት የጨረሰው ያሸንፋል። ዋንጫውን ማንም ይውሰደው። ሰውዬው ሠላሳኛም ይውጣ አርባኛ፣ ከተጣመረው ሰው ከተሻለ በቃ። የሰው ልጅ ደግሞ ከጎረቤቱ መሻልን የመሰለ የሚወደው ነገር የለምና፣ ነገሩ ሞላሌን ለመያዝ ጊዜ አልፈጀበትም።

የፈረንጆቹ ስም ለአፍ ስለሚከብድ ሁሉንም ዳግም አጥምቀዋቸዋል። ከመምታቱ በፊት አንገቱን ደፍቶ የሚያጉተመትመውን ዲያቆኑ አሉት፤ ዱላ ተሸካሚውን ሲነዘንዝ የሚውለውን ደግሞ ደላላው። በዚህ ጨዋታ ከዮፍታሄ የሚስተካከል አልነበረም። «ሰው የሚያስይዘው በልቡ ነው» ይል ነበር። «ዲያቆኑን ሁሉም ስለሚወደው ሁሉም እሱ ላይ ይከምራል። ያን ጊዜ ዋጋው ይሳሳታል። ብልህ ሰው ከሚወደው ተቃራኒ ያስይዛል።» አዳማጮቹ ይስቃሉ። ሲሳካለት ግን አይተዋል።

ሰርካለም በሩን ስትገፋ ፈንታ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይለፍፍ ነበር። «ዲያቆኑ ወገቡን አሞት ሳይጀምር ወጥቷል! ውርርዱ ፈርሷል! ከሁለቱ አንዱ ካልተጫወተ ሁሉም ያስያዘውን ይወስዳል፣ ሕጉ ነው፣ አትጩኹብኝ!»

ጩኸቱ እሷን ሲያይ ቀጥ አለ። እዚያ ቤት ሴት አይገባም። ወንዶቹ ተያዩ፤ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙት አዛውንቱ አቶ ወዳጆ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዮፍታሄ ከፊተኛው ወንበር ላይ ተነሣ። የለበሰው ስስ ጃኬት ነው፤ ትከሻው በዝናብ ርሷል።

ዐይን ለዐይን ሲገጣጠሙ ፈገግ አለችለት፤ እሱም ሳያስበው ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ በሕይወቱ የመጨረሻ ደስታው እንደሆነች ማን በነገረው!

«በርኖሱስ?» አለችው። «አባትህ ለብሶታል ብለውኝ…»

የዮፍታሄ ዐይን ወደ ግድግዳው ሄዶ በድንጋጤ ተመለሰ። ሰርካለም ተከትላ አየች።

ከባንኮኒው ኋላ ሁለት ትልልቅ ሚስማሮች ተመትተዋል። ከሁለቱም በላይ በጠመኔ ተጽፏል። በቀኙ ሚስማር ላይ «ዮፍታሄ» ይላል፤ ከሥሩ የአቶ ወዳጆ ከዘራ፣ አንድ ጃንጥላ፣ አንድ አሮጌ ራዲዮና የበግ ማሰሪያ ገመድ ታጭቀው ተንጠልጥለዋል። በግራው «በኃይሉ» ይላል። ከሥሩ አንድ ነገር ብቻ አለ። ያ አንድ ነገር ጥቁር በርኖስ ነው።

«ይሄ ምንድነው?» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም።

ፈንታ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንዲያው መብራት የጠፋ ዕለት… የቤት ጨዋታ ነው። ‹አንድ ለአንድ› አልን። ሰርካለምን ማን ያገባል፣ ዮፍታሄ ወይስ በኃይሉ። በክረምት እጅ ላይ ምንም ስለሌለ ሰው ያለውን ዕቃ አስያዘ። ሁሉም ዮፍታሄ ላይ ነው ያስያዘው፣ በእመቤቴ! እሱ ላይ የሚወራረድ ሰው ጠፋ። ጨዋታው ይድመቅ ብሎ እሱ ራሱ… ቀልድ ነው እኮ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።»

«በገና ሰው ለራሱ ወገን ነው የሚመታው፣ ፈንታ» አለችው።

ከዚያ ወደ ዮፍታሄ ዞረች። ወንዶቹ እንዲዋሽ በልባቸው ለመኑት። አቶ ወዳጆ እንዲያውም ቅንድባቸውን አንሥተው ጠቀሱት። «ለቀልድ ነው» ቢል እኮ ነገሩ ያበቃል፤ ትቆጣ ይሆናል፣ ታኮርፍ ይሆናል፣ ማታ ይታረቃሉ።

«ለጨዋታ ነው ዮፍታሄ?»

ዮፍታሄ ብዙ ድክመት አለበት፤ እሷን ዋሽቷት ግን አያውቅም።

«አይደለም» አለ።

«እንግዲያው አስረዳኝ። መምህር አይደለህ?»

«ሰርኬ፣ ውጭ እንውጣ…»

«ያስያዝኸኝ እዚህ ነው። እዚሁ አስረዳኝ።»

መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «እነሱ ስለሚወዱኝ ነው እኔ ላይ ያስያዙት። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በኃይሉ በኃይሉ ነው። እኔ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። አባትሽ እሺ እንደማይሉ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አንቺን ከማወቄ በፊት አውቀዋለሁ። ካጣሁሽ ባዶ እጄን እንዳልቀር ብዬ ነው። ካገኘሁሽ ደግሞ በርኖሱ ይሂድ አልሁ። አንቺን ይዤ ለልብስ አላለቅስም።»

«እኔን ስታጣ በአቶ ወዳጆ ከዘራ ልትጽናና?»

ማንም አልሳቀም።

«‹ካጣሁሽ በዚህ ዓለም የሚቀረኝ የለም› ብለህ የጻፍህልኝ ሐምሌ ላይ ነው። ወረቀቱ ትራሴ ውስጥ አለ። ጨለማ ሲሆን ሳላበራ ነው የማነበው፣ በቃሌ ስለያዝሁት። ውሸት ነበር?»

«እውነቴን ነበር።»

«ታዲያ ያ ምንድነው?» ጣቷን ወደ ግድግዳው ቀሰረች። «የሚቀርህን እኮ አዘጋጅተሃል! እኔን ያጣ ሰው ባዶ እጁን ነው መቅረት ያለበት፣ ዮፍታሄ። እኔ አንተን ባጣ ባዶ እጄን ልቀር ነበር የተዘጋጀሁት። ሌላ ሚስማር አላዘጋጀሁም።»

እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ዮፍታሄ ሊጠጋት ሲል ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸች።

«ዛሬ ጠዋት አባቴ እሺ ብለዋል» አለች።

ከኋላ ወንበር አንዱ፣ የጃንጥላው ባለቤት፣ «አላልኋችሁም!» ብሎ በደስታ እጁን አጨበጨበ፤ ማንም ሳይከተለው ሲቀር እጁን ጉያው ውስጥ ከተተ።

«እሺ ብለዋል» አለች እንደገና። «ማረሻ ከእግራቸው ሥር አድርጌ ለመንኋቸው። ሽማግሌ ይላክ ብለዋል። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁት። ያን በርኖስ ለብሰህ፣ ሰው እያየህ፣ ቀና ብለህ እንድትገባ። እኔም ማልሁልህ። ‹ቀና ብሎ ይመጣል፣ አያውቁትም› አልሁ። የማላውቅህ እኔ ነበርሁ።»

ዮፍታሄ ባንኮኒውን ዘልሎ በርኖሱን ከሚስማሩ ላይ ነጠቀው። «እለብሰዋለሁ! አሁኑኑ እለብሰዋለሁ! በገበያው መሃል፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር… የት ልሂድ? ንገሪኝና ልሂድ!»

«ልብሱንማ ማውረድ ቀላል ነው» አለችው። አሁን የምትናገረው በቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር። «አየህ፣ ይሄ ጨዋታ አበላሽቶሃል። አንተ የፈለግኸው ከበኃይሉ መሻል ነው። እንደማትሻል ሲመስልህ በእሱ ወገን ቆምህ። እኔ ከማንም እንድትሻልልኝ አልፈለግሁም። እንድትመጣ ብቻ ነው የፈለግሁት። ብትሸነፍ እንኳ መጥተህ እንድትሸነፍ። አባቴ በመጨረሻ አምነውህ ነበር። እነዚህ ሁሉ ድሆች ከዘራቸውን አውጥተው አምነውህ ነበር። አንተ ብቻ ነህ ያላመንኸው።»

«ሰርኬ…»

«አትጥራኝ።» ወደ ፈንታ ዞረች። «ሁለቱንም ባላገባስ? ሕጉ ምን ይላል?»

ፈንታ ወደ ሚስማሮቹ ዞረ። «ይፈርሳል። ሁሉም… ሁሉም ያስያዘውን ይወስዳል።»

«እንግዲያው ፈርሷል» አለች።

ስትወጣ በሩን አልወረወረችውም፤ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ጉሙ ውስጥ ስትገባ እግሯ ወዴት እንደሚወስዳት አታውቅም ነበር። ለአባቷ ምን ትበል? ጠዋት የማለችው ማታ ውሸት ሆነባት። ለበኃይሉ የሚሆን ልብ የላትም፤ ለዮፍታሄ የነበራትን ሙሉ ልብ ደግሞ እዚያ ግድግዳ ላይ ትታው መጥታለች። አሁንም ትወደዋለች፤ ከሁሉ የከፋው ይህ ነበር። ጠልታው ቢሆን ኖሮ ቤቷ እስክትደርስ ይቀልላት ነበር።

*

ወንዶቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ዕቃቸውን ከቀኙ ሚስማር አወረዱ። የበግ ገመዱ ባለቤት ገመዱን ክንዱ ላይ ሲጠቀልል ዮፍታሄን ቀና ብሎ አላየውም። አቶ ወዳጆ ከዘራቸውን ተቀብለው በሩ ድረስ ሄዱ፤ እዚያ ቆመው ሳይዞሩ፣ «ሌላ ከዘራ የለኝም ነበር፣ አንተ ልጅ» አሉና ወጡ። ቴሌቪዥኑ ላይ ደላላው አረንጓዴ መስክ ላይ ብቻውን ይመታ ነበር፤ ማንም አላየውም።

ዮፍታሄ በርኖሱን በብብቱ ይዞ በዝናብ ውስጥ ወደ ቤት ሄደ። አልደረበውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ጠጉር ሲነካ የሸተተውን ፈለገው፤ የእሷን እጅ ቅባትና የበግ ሽታ። አሁን የፈንታ ቤት ሲጋራ ብቻ ነበር የሚሸተው።

ጋሽ ጌጡ የብረት ሥራቸውን አንሥተው ቤቱን ጠርገዋል። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበዋል፤ በዓል ሲሆን ብቻ የሚለብሱትን ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ከእሳቱ አጠገብ ሁለት መቀመጫ ጎን ለጎን አድርገው፣ በላያቸው ቁርበት አንጥፈውባቸዋል።

«አብረን እንመጣለን ብላኝ ነበር» አሉ፣ ከልጃቸው ኋላ ወደ ውጭው እያዩ። «የት አለች?»

ዮፍታሄ በሩን ከኋላው ዘጋው።

«ቤቷ ገባች? እሱስ ደግ፤ ዝናብ ነው፣ ነገ ትመጣለች። ፊቷን ብታየው! አባቷ ምን እንዳሉ አልነገረችኝም፤ ግን ሽማግሌ ሰው ፊት ማንበብ አያቅተውም። የኔ ልጅ በዚያ በር ሊገባ! በሀብተ ማርያም በር!» ከዚያ በብብቱ ያለውን አዩ። «ምነው በዚህ ብርድ ይዘኸው ትሄዳለህ? ርሶልሃል እኮ።»

በርኖሱን ተቀበሉት። ውሃውን አራግፈው፣ የታጠበ እጃቸውን አንድ ጊዜ ደግመው በጋቢያቸው ጠርገው፣ በልጃቸው ትከሻ ላይ ጣሉት። በሁለት በኩል ጫፉን ሳቡ፣ እጥፋቱን አቃኑ፣ ራቅ ብለው አዩት።

«እስቲ ቀና በል፣ ልይህ» አሉ።

ዮፍታሄ ሞከረ። ትከሻው አልታዘዘውም።

«ቀና በል እንጂ! ይሄ ልብስ ለጎበጠ ሰው አልተሠራም» አሉ እየሳቁ። ጠጋ ብለው እጃቸውን ከአገጩ ሥር አድርገው፣ በልጅነቱ እንደሚያደርጉት፣ ቀስ አድርገው ፊቱን ወደ እሳቱ ብርሃን ቀና አደረጉት።

ያን ጊዜ ፊቱን አዩ።

ሳቃቸው ጠፋ። ስለ ሰርካለም ሁለተኛ አልጠየቁትም፤ ባዶውን መቀመጫም አላዩም። እጃቸውን ግን ከአገጩ ሥር አላነሡም፤ ቢያነሡት ራሱ ተመልሶ እንደሚወድቅ ያውቁ ነበርና።